«ልጅ የለውም» ይል የነበረው ፋይሌ

እኔ አትክልተኛ ነበርኩ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ውሃ ሳጠጣ፣ ስኮተኩት፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው። ማንበብ እችላለሁ፣ መጻፍም እችላለሁ፣ ግን ቀስ እያልኩ ነው። ይህንንም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሚቸኩል ሰው ካለ ይቅደም።

ነገሩ የተጀመረው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። በግቢያችን የሚሠራ ሰው፣ አስተማሪም ሆነ ዘበኛ፣ ራሱ ወይም ባለቤቱ ወይም ልጁ የቅዳሜና እሁዱን ትምህርት ሳይከፍል መማር ይችላል። ይህ የቆየ ጥቅም ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዚያን ቀን የተለጠፈው ወረቀት ግን አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት ልጁን ካስመዘገበ፣ እሱ ቢወጣም ልጁ እስኪጨርስ ይማራል ይላል። እኔ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ስጀምር አብሮኝ የሚሠራው አትክልተኛ ከኋላዬ መጣ።

ይህ ሰው የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ ቀልደኛ ነው፤ ስድስት ልጆች አሉት፤ ከስድስቱ አራቱ በዚሁ ጥቅም ተምረዋል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ይሄን ያህል ታነባለህ? ልጅ የለህ።»

«ማንበብ ክልክል ነው እንዴ?»

«አይ፣ አንብብ። ያን ኒም ዛፍ አስመዝግበው ካልክ ደግሞ እኔ እመሰክርልሃለሁ። ከችግኝነቱ አንተ ነህ ያሳደግከው፣ ወላሂ።»

እዚያ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አብሬያቸው ብዙ ዓመት የሠራሁት ሰዎች በሙሉ ልጅ እንደሌለኝ ነበር የሚያውቁት። ግን ልጅ ነበረችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በኮሌጅ ሒሳብ ተምራ ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ላይ ኪስ ትሰፋ ነበር። እዚያው ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ለመግባት ሁለት ጊዜ ጠይቃ፣ ሁለቴም «ዲግሪ ይዘሽ ነይ» ተብላ ነበር። ከደሞዟ ላይ ለቤት ትሰጣለች፤ የሚተርፈው ለትምህርት አይደርስም። ከሁለተኛው መልስ በኋላ ስለ ትምህርት ማውራት ትታ ነበር። የልጅን ዝምታ አባት ይሰማዋል፣ ምንም ባይናገር።

ታዲያ ልጅ እያለችህ እንዴት የለህም ትባላለህ የሚለኝ ይኖራል። ልንገራችሁ።

ከእሷ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደን ነበር። አንዱ በሰባት ወሩ፣ አንዱ ዓመት ሞልቶት በሳምንቱ ሞቱብን። እሷ ስትወለድ እናቴ ከጀልዴሳ መጣች። ሕፃኗን አላቀፈቻትም፤ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይህችን የኛ ናት አትበሉ። ሽጧት» አለች። በእኛ ዘንድ ልጅ የማይበረክትለት ሰው እንዲህ ያደርጋል። ልጁን ልጅ ለሚበረክትለት ቤት ይሸጠዋል፣ ለስሙ። ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ልጅ ነው ይባላል፤ ሞት መጥቶ ቢጠይቅ በዚህ ቤት ልጅ የለም ነው መልሱ።

ግንብ የምትጋራን ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ እትዬ ነው የምንላት፤ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አምስት ወልዳ አምስቱም ቆመው ሄደውላታል። እናቴ ራሷ ሄዳ ለመነቻት። እትዬ አንድ ጭብጥ ጨው በግንቡ ላይ አቀበለችን፤ እኛ ልጅቷን አቀበልናት። ይዛት ትንሽ ቆየችና ሕፃኗ ጡት ፈልጋ ስታለቅስ፣ «እንኩ፣ ልጄን አጥቡልኝ» ብላ መለሰችልን። ገበያው ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ እትዬን «እናቴ»፣ የወለደቻትን «አክስቴ»፣ እኔን «አጎቴ» እያለች አደገች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ዝም ይላል። ትምህርት ቤት እትዬ ናት ያስገባቻት፤ ግን በእኔ ስም ነው ያስገባቻት። ስም መቼም አይሸጥም።

ሥራ ስቀጠር ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ቅጽ የሚሞላው ሰውዬ ከኋላዬ ተሰልፈው የቆሙት ሁሉ በሚሰሙበት ድምፅ፣ «ልጆች?» አለኝ። ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁ። ደግሞ ጠየቀኝ። «አላህ የሰጠኝን ወሰደ» አልኩት። ስለ ሁለቱ ወንዶች እውነቴን ነው። ስለ እሷ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም። «የለውም» ብሎ ጻፈ፤ ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት። ከዚያ ወዲያ ፋይሉን አስቤው አላውቅም። አሁን ነው ያሰብኩት፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ።

በማግስቱ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ሄድኩ። ፋይል የምትይዘው ከደጋ አገር የመጣች ልጅ ናት። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፤ እሷ ግን እርስዎ ትለኛለች፣ እኔም በተባልኩ ቁጥር ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ነገሬን ሰማችኝ፤ ፋይሌን አውጥታ ገለጠች፤ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«አባቴ፣ እዚህ ልጅ የለውም ይላል። ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ የዋሹት ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔም አልዋሸሁም፣ አሁንም አልዋሸሁም።»

ክፋት አልነበረባትም። ወንበር ሳበችልኝና አስረዳችኝ። ጥቅሙ ፋይሉ ላይ ለተጻፈ ልጅ ነው። የልጅቷ መታወቂያ ላይ የእኔ ስም መኖሩ አይበቃም፤ የእኔን ስም የያዘ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል። የልደት ወረቀት የላትም፣ ቤት ነው የተወለደችው። «ፍርድ ቤት ይሂዱና አባትነትዎን አረጋግጠው ያምጡ» አለችኝ። «ግን ምዝገባው በሦስት ሳምንት ይዘጋል። የሚቀጥለው ምዝገባ ሲመጣ እርስዎ እዚህ የሉም።»

ቤት ስደርስ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳት። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሃያ አራት ዓመት ደብቄ ያኖርኳትን፣ አንተ ማኅተም አስመትተህ ልታውጅብኝ ነው?»

«ለትምህርቷ ነው እኮ።»

«ሁለቱም ወንዶች እንዲህ ስንዘናጋ ነው የሄዱት። እኔ ዲግሪ አልወለድኩም። እሷ ትኑርልኝ።»

ፈሪ አይደለችም ባለቤቴ፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ባጥለቀለቀ ጊዜ የሰው ልጅ አዝላ የወጣች ሴት ናት። ይህን ግን ትፈራዋለች። እኔም አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። በዚህ መሀል የፋብሪካው ሰርቪስ ልጅቷን አውርዷት ገባች። እጅጌዋ ላይ ክር ተጣብቆባት፣ የፓርኩ ባጅ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ። ከበሩ ጀምሮ ሰምታን ነበር።

«አክስቴ» አለቻት እናቷን፣ እንደ ልማዷ። «ይሄን ታያለሽ?» ባጁን አነሳችው። «ስሜ አለበት፣ የአጎቴ ስም አለበት፣ ፎቶዬ አለበት። በየቀኑ ጠዋት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንጠልጥዬው ነው የምገባው። ሞት ማንበብ ቢችል እስካሁን አግኝቶኝ ነበር።»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ልጄ ዝቅ ብላ አቀፈቻት፤ «ኪስ መስፋት ሰልችቶኛል» ስትላት ሰማሁ፣ ቀስ ብላ፣ ለእሷ ብቻ።

ባለቤቴ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ የገዛሽን ሰው ጠይቂ» አለች። «በሰው ንብረት ላይ እኔ ምን አገባኝ።»

ሦስታችንም ተነስተን ወደ እትዬ ሄድን። እትዬ አርጅታለች፤ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም።

«ዕቃ ሃያ አራት ዓመት ከተገለገሉበት በኋላ ይመለሳል እንዴ?» አለች። «እኔ ለስተርጅናዬ ነበር የያዝኳት።»

«እትዬ፣ አቦ አታስጨንቂን» አልኳት።

«እሺ። ጨዬን አምጡ።»

ባለቤቴ ሮጣ ሄዳ አንድ ኪሎ ጨው ከነላስቲኩ ይዛ መጣች። እትዬ ላስቲኩን ፈታች፣ አንድ ጭብጥ ዘግና ወሰደች፣ የተረፈውን መለሰች። «የሰጠሁት ይሄንን ነው። ወለድ ለእናንተ ሐራም ነው፣ እኔንም አይበጀኝም።» ከዚያ ልጄን እጇን ይዛ ለባለቤቴ አስጨበጠቻት። ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ እኔ ወደ ግንቡ ዞርኩ፤ ሽማግሌ ሰው እንባው ቅርብ ነው።

«ፍርድ ቤት ግን እኔ ነኝ የምናገረው» አለች እትዬ። «በዕድሜዬ ፍርድ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

ምነው ባልተናገረች ብዬ የተመኘሁት የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ዕለት ነው። ዳኛው ገና ጎልማሳ ነው። እትዬ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፤ መሐላዋን ፈጸመች።

«እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» አላት ዳኛው።

«ገዢዋ ነኝ።»

የሚጽፈው ልጅ እጁ ቆመ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ማለትዎ ነው፣ ገዢ?»

«በጭብጥ ጨው ነው የገዛኋት። ሰሞኑን ጨዬን ተቀብዬ መልሻታለሁ። አሁን የራሳቸው ናት።»

አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ዲግሪ ፍለጋ የመጣሁ ሰውዬ፣ ልጅ በመሸጥ ልታሰር ነው።

«ገዝተው የት ወሰዷት?»

«የትም። ወዲያው በግንቡ ላይ መልሼ አቀበልኳቸው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጡት የት አለኝ? ወለዷት፣ አጠቧት፣ አሳደጓት። ይህ ሰውዬ» ወደ እኔ ጠቆመች፣ «ትኩሳት ሲይዛት በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል የሚሮጠው እሱ ነበር። የሁለት ወንዶች ልጆቹን መቃብር አይቷል። ይህችን ሞት እንዳያይበት ነው የሸሸጋት እንጂ ጠልቶ አይደለም። የእኔ ድርሻ መቆጣት ብቻ ነበር።»

የዳኛው ፊት ላላ። ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ «ገዢ ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጠየቀ። «ጎረቤት ብለህ ጻፍ» አለው ዳኛው፤ ይህን ሲል ትከሻው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ በወረቀት ፊቱን ሸፈነ።

ሁለተኛው ምስክር የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነበር፤ እሱ አጭር ሰው ነው፣ «አባቷ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን» ብሎ ወረደ። በመጨረሻ ዳኛው ልጄን ጠራት።

«እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው?»

ልጄ አየችኝ። እንዴት እንደምትጠራኝ እሷም የምታስብ መሰለኝ። አፏ የለመደው አንድ ቃል ነው፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ።

«አባቴ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ዳኛው ያለውን አልሰማሁም። ባለቤቴ ናት ለውሳኔ ሌላ ቀጠሮ መሰጠቱን በኋላ የነገረችኝ። ቀጠሮው ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ላይ ነበር የዋለው።

በዚያን ቀን ውሳኔው ጠዋት ተነበበልን፤ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ግን ወዲያው አልደረሰም። ድሬ የቀትር ሙቀት እስኪበርድ ቢሮ ይዘጋል፤ ዓለም ቢገለበጥ ይዘጋል። እኔና ልጄ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ይዘን ተቀመጥን። ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዳ ነበር። ሰዓቷን አታይም፤ እኔ እንዳልጨነቅ ብላ ነው። እኔም አላይም፤ እሷ እንዳትጨነቅ። ቢሮው ሲከፈት፣ ወረቀቱ ሲመታ፣ ባጃጅ ይዘን ስንሮጥ፣ የባጃጁ ልጅ በየመንገዱ ሌላ ሰው ለመጫን ሲቆም፣ «ልጄ፣ ዛሬ እኛ ብቻ ነን» ስለው፣ «አባባ ሙሽራ ነህ እንዴ?» ሲለኝ፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል።

የፋይሏ ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ቆማ ነበር። ወረቀቱን ስታየው ቦርሳውን መልሳ አስቀመጠች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ፋይሌን አወጣች።

«የድሮውን አልሰርዘውም» አለችኝ። «ከሥሩ እጨምራለሁ። ይህ ይሻላል አይደል?»

«ይሻላል። እነዚያ የሞቱትም ልጆቼ ነበሩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልጠየቀችኝም፤ ገብቷታል። በሰማያዊ እስክሪብቶ የልጄን ስም ጻፈች።

«ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት።

አነበበችልኝ። በሩ ክፍት ነበር። ያ ቀልደኛ ባልደረባዬ የአምስተኛ ልጁን ወረቀት ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ሰማ። እኔን አየ፣ ልጄን አየ፣ መልኳ እንደሆነ የእናቴ ነው፣ የሚካድ አይደለም።

«እኔ ስድስቱን አንድ በአንድ ስነግርህ ስኖር፣ አንተ አንዷን ደበቅከኝ?» አለ። የእውነት ተቀይሞ ነበር። እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ አላናገረኝም። ከዚያ የውሃ ጎማውን ይዞ መጥቶ፣ «ስንተኛ ክፍለ ጊዜ ነው ትምህርቷ?» አለኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። ጽጌረዳዎቹን ስከረክም ዋናው በር በኩል ገባች፤ አዲስ ደብተር በደረቷ አቅፋ፣ የፓርኩን ባጅ ቤት ትታ። ከሩቅ ነው የጠራችኝ፣ የግቢው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አባቴ፣ ክፍሉ በየት በኩል ነው?»

አትክልተኛው ሁሉ ቀና አለ። በመቀሴ አቅጣጫውን አሳየኋት። መንገዱን ሳልጠይቅ የማውቀው ነው፤ ግራና ቀኙን የተከልኩት እኔ ነኝ። ያለፍኩበት ሥራ ሁሉ ለዚያች ልጅ እግር የተነጠፈ መሰለኝ። ትዕቢት ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ግን መሰለኝ።

አራት ዓመት ተማረች። ከሰኞ እስከ አርብ ትሰፋለች፣ ቅዳሜና እሁድ ትማራለች። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ የእሷ ስም ግን እንደተባለው እዚያው ቀጠለ። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጅቷ ካስነጠሳት ትነቃ ነበር። ቀስ በቀስ ተወችው። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት ስንት ልጅ እንዳላት ስትጠይቃት ቆሜ እጠብቃለሁ። «አንዲት፣ ዩኒቨርሲቲ ናት» አለች፣ ሽንኩርቱን እየመረጠች።

ምርቃቱ ሲደርስ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት የመግቢያ ካርድ ተሰጠ። እኛ ሦስት ነን። ልጄ ተጨነቀች። እኔ ሁለቱንም ካርድ ለባለቤቴና ለእትዬ ሰጠሁ። «አንተስ?» አሉኝ ሁለቱም። «ስለ እኔ አታስቡ» አልኩ።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በየምርቃቱ መድረኩን የሚያስውቡት የአበባ ማሰሮዎች በእግራቸው አይሄዱም፤ አትክልተኞች ናቸው የሚሸከሙት። ማለዳ ግቢው ሄጄ ባልደረባዬን አገኘሁት።

«ጡረተኛ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ማሰሮ ልሸከም።»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ትንሿን ሊያሸክመኝ ሲል እምቢ አልኩ፤ ትልቁን አነሳሁ። ጀርባዬ ሳምንት አመመኝ። መድረኩ ጥግ አስቀምጬው ከጎኑ ቆምኩ፣ ቅጠሉን እያስተካከልኩ። አንድ ቅጠል ከአንድ ሰዓት በላይ አስተካከልኩ።

ስም መጥራት ተጀመረ። ብዙ ልጆች ናቸው። የእሷ ደረሰ። ስሟ በድምፅ ማጉያው ወጣ፤ ተከትሎም የእኔ ስም ወጣ፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ። ከቀኝ ረድፍ ባለቤቴ እልል አለች፤ ከእሷ ጎን እትዬ ቀጠለች፣ እሷ ሳትጨርስ ደግሞ ባለቤቴ። ልጄ ጥቁሩን ካባ ለብሳ ደረጃውን ወጣች።

አንድ ወጣት ጥበቃ ወደ እኔ መጣ፤ አዲስ ነው፣ አያውቀኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ማሰሮህን ካስቀመጥክ ውጣ።»

«ማሰሮው የግቢው ነው» አልኩት። «የእኔ ያቺ ናት፤ አሁን የተጠራችው።»

ወደ መድረኩ አየ። ተመልሶ እኔን አየኝ። ከዚያ ሄዶ እሱ የሚቀመጥበትን ወንበር አመጣልኝ።